የማን ቤት አመታት? በትርጉም ስለሚጠና ሥነ ቃል
ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሥነ ቃል ለሚሰበስብ የአዲስ አበባ ተማሪ ምቹ ናቸው፤ በታክሲ ሄዶ በዕለቱ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ከተመለሰ በኋላ ነው። በኦሮምኛ የተዘፈነው የሠርግ ዘፈን በአስተርጓሚ አማካይነት አማርኛ ሆኖ ይጻፋል፤ ቀጥሎም አጥኚው የአማርኛውን ቤት አመታት ይተነትናል። የተተነተነው ግን የአስተርጓሚው ጥበብ እንጂ የዘፋኟ አይደለም። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮሞ ሥነ ቃል ስብስብ፣ ሌላ ሌላው እንከኑ እንዳለ ሆኖ፣ ኦሮምኛውን ከእንግሊዝኛው ትርጉም ጋር ስላቀረበ ዛሬም ተርጓሚውን ራሱን ለመመርመር ያስችላል። በአባሪው ኦሮምኛው ከሌለ (ገጽ ይበዛል የሚለው ሰበብ አያሳምንም) ስለ ቤት አመታትና ስለ ምጣኔ የተጻፈው ምዕራፍ ማስረጃ የለውምና ከጥናቱ ሊወጣ ይገባል።