ፍሬን ሲጠነክር

ሾፌር «ፍሬኑ ችግር አለበት» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው እግሩ የተሰማውን ነው። ፔዳሉ ይሰምጣል ወይስ አልወርድም ይላል? የሚሰምጥ ፔዳል መስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን፣ የፍሬን ዘይት መጉደሉን ወይም የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ መበላቱን ይናገራል። የማይወርደው ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይቱ በቦታው አለ፤ የጠፋው እግርን የሚያግዘው ጉልበት ነው። ወይም ደግሞ ጉልበቱ ደርሶ ጎማው ዘንድ ያለው ፍሬን አልያዘም። ይህን ሳይለዩ ኪያቤ ማንሳት ገንዘብ መበተን ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ይኸንኑ ነው፤ ፔዳሉ ጠነከረ ሲባል እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ይፈታል፣ ሌላ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ ፔዳሉ ግን እንደነበረው ነው።

ሰርቮ የራሱ ጉልበት የለውም። ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡን የጎማ ሽፋን ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ ሲሠራ ከሁለቱም ክፍል አየሩ ይመጠጥና ቫኪዩም ይፈጠራል። ፔዳሉ ሲረገጥ በሾፌሩ በኩል ያለው ክፍል ይከፈትና የውጭው አየር ይገባል፤ ሽፋኑን ወደ ማስተሩ የሚገፋው እሱ ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠራው እንግዲህ በዙሪያችን ያለው አየር ነው። ቤንዚን ሞተር የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚጠብ ለሰርቮ የሚሆነውን ቫኪዩም ከዚያው ያገኛል። ዲዝል ይህ የለውም። በገጠር መንገዶቻችን በደንብ የምናውቀው የላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተርም ዲዝል ነውና ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። በአንዳንዱ ዲዝል ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ሆኖ ይዞራል፣ በሌላው ከሞተሩ ጥርስ ይነዳል።

ምርመራው በእግር ይጀመራል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግሜ እረግጣለሁ፤ የተጠራቀመው ቫኪዩም ያልቅና ፔዳሉ ይጠነክራል። እግሬን ሳላነሳ ሞተሩን አስነሳለሁ። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጥቂት ዝቅ ይላል። ዝም ካለ እገዛው አልደረሰም። ቀጥዬ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ አሠርቼ አጠፋና ቀስ እያልኩ እረግጣለሁ፤ በመጀመሪያው ጥሩ ወርዶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከፍ እያለ ከመጣ ቫኪዩሙ ተይዟል። በመጨረሻም ሞተሩ እየሠራ ረግጬ እንደያዝኩ አጠፋውና ሠላሳ ሰከንድ እጠብቃለሁ። በዚያ ጊዜ ፔዳሉ እግሬን ወደ ላይ ከገፋው የሚያስተነፍሰው ሰርቮው ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሰርቮ ዋጋ መነጋገር የሚገባውም ያኔ ነው።

እገዛው አልደረሰም እንበል። ሰርቮውን ከመንካቴ በፊት ወደ እሱ የሚመጣውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅዬ፣ ሞተሩ እየሠራ ጫፉን በአውራ ጣቴ እደፍነዋለሁ። ጣቴን አጥብቆ ካልሳበው ችግሩ ከዚያ ወደ ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ ነው። በመስክ መኪና ላይ ከሁሉ በላይ የሚበደለው ይህ ቱቦ ይመስለኛል። የቫኪዩም ቱቦ ሲመጠጥ እንዳይጨማደድ ተብሎ ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ይሠራል። ገጠር ላይ የተሰነጠቀው ይጣልና የውሃ ወይም የነዳጅ ቱቦ ይተካበታል። ሞተሩ ጠፍቶ ለሚያየው ምንም አይልም። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ግድግዳው ይለሰልስና እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘጋል፤ ጠዋት ደህና የነበረው ፍሬን ከሰዓት በኋላ ይጠነክራል። ስለዚህ ሾፌሩ «ሲሞቅ ነው እንዲህ የሚሆነው» ካለኝ ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር እዳብሳለሁ። ዘይት ጠጥቶ ከውስጥ ያበጠ፣ ከውጭ ግን አዲስ የሚመስል ቱቦም አለ። አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ መርሳት አይገባም፤ በአንዳንዱ መኪና ሰርቮው ላይ ይሰካል፣ በሌላው ቱቦው መሀል ይገባል። ነቅሎ በአፍ መንፋት ይበቃል፤ ከሰርቮው ወደ ፓምፑ ማሳለፍ፣ በተቃራኒው መዝጋት አለበት። ቱቦ ተቀይሮ ቫልቩ ተገልብጦ ሲገባ ሰርቮው ጨርሶ አይመጠጥም።

አሁን የእኛን አገር ከፍታ ጉዳይ ላንሳ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ተለማማጅ የቫኪዩም ጌጅ ፓምፑ ላይ አስገብቶ «ጋሼ፣ ፓምፑ ሞቷል» ቢለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት እንዳነበበ ነው። 510 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ካለኝ ፓምፑ ጤነኛ ነው። የጥገና መጽሐፉ ከ650 በላይ ቢልም የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው፤ እዚያ አየሩ 760 ያህል ይጫናል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 575 ገደማ ብቻ ነው። ያለው አየር በሙሉ ቢመጠጥ እንኳ ጌጁ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። በዚህ የተነሳ ስንት ደህና ፓምፕ እንደተጣለ ሳስብ ያናድደኛል። የሰርቮውም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። ውስጡ 23 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሽፋን በ500 ሚሊሜትር ልዩነት ወደ 280 ኪሎ ግራም ይገፋል፤ በ650 ቢሆን ከ360 በላይ ይሆን ነበር። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን የሚያቋርጥ መኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ የአየሩ ጫና ከባሕር ጠለሉ ስድስት አሥረኛ ያህል ነው፤ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል የሚወረወረውም ከዚያው ላይ ነው። እግር ብዙ እገዛ በሚፈልግበት ቦታ እገዛው ያንሳል። ሾፌሩ ከዚያ ተመልሶ ፔዳሉ ከብዶኝ ነበር ቢለኝ አምነዋለሁ፤ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ፈተና ቢያልፍም አምነዋለሁ።

ፔዳሉ ሞተሩ ሲነሳ ዝቅ ብሎም መኪናው ካልቆመ ወደ ጎማዎቹ እወርዳለሁ። በሙቀት አብረቅርቆ የደረቀ የፍሬን ሸራ፣ በጭቃ የተያዘ ፒንሳ፣ በድንጋይ የተጨፈለቀ ቧንቧ ሁሉም ያው ጠንካራ ፔዳል ይሰጣሉ። ትንሽ ተነድቶ ሲቆም ከሌሎቹ ቀዝቅዞ የተገኘው ጎማ አልሠራም ማለት ነው። መኪናቸውን ከፍ አስደርገው ትልቅ ጎማ የገጠሙ ሰዎች ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። ከኋላ አክሰል ጋር የተያያዘው፣ ጭነትን እያየ የፍሬን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭ፣ አካሉ ከአክሰሉ ስለራቀ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይነፍጋል። ማያያዣውን በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል። ትልቁ ጎማም ለማቆም የበለጠ ኃይል ይጠይቃል።

ቁልቁለት ላይ ሳለ ፔዳሉ የጠነከረበት ሰው ደጋግሞ መርገጥ የለበትም። እያንዳንዱ ርግጫ ሰርቮው ውስጥ የቀረውን ጥቂት ቫኪዩም ይጨርሳል። አንዴ፣ በሁለት እግርም ቢሆን፣ ሳይለቁ መጫንና ማርሽ እየቀነሱ በሞተሩ መያዝ ነው የሚያዋጣው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ዓባይ በረሃን መውረድ ፓምፑንም መሪውንም አብሮ ማጥፋት ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ከጠፋም ያው ነው፤ አንድ ጽኑ ርግጫ፣ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ማስነሻው ከፍሪሲዮን ጋር ባልተያያዘ አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ቁልፉን ማርሽ ውስጥ እንዳለ ማዞር ይቻላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑም አብሮ ይነሳል፣ መኪናውም በሞተሩ ተይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይወርዳል።