«በፉቹን ተራሮች መኖር»፦ ሥዕሉ ከእሳቱ ይበልጣል

ስለ ቻይናዊው ጥቅል ሥዕል «በፉቹን ተራሮች መኖር» የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1650 ባለቤቱ ዉ ሆንግዩ ሲያጣጥር፣ ከሥዕሉ መለየት አልሆንለት ብሎ እንዲቃጠል አዘዘ። የወንድሙ ልጅ መንጭቆ ቢያወጣውም ጥቅሉ ለሁለት ተከፈለ። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል፤ ግን ሥዕሉን ጋርዶታል፤ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሠዓሊው ሁዋንግ ጎንግዋንግ የተወለደው በ1269 ነው። በሞንጎሎች አገዛዝ በጸሐፊነት ሲያገለግል በአለቃው ጦስ ታሰረ፤ ኋላም የዳኦን መንገድ ተከተለ። ጥቅሉን የጀመረው ሰማንያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ዉዮንግ ለተባለ የእምነት ባልንጀራው ነው። በ1350 በጫፉ ላይ ባሰፈረው ጽሑፍ፣ መንፈሱ ሲነሣሣ ብቻ እየሣለ ሦስት አራት ዓመት እንዳለፈና ገና እንዳላለቀ ይናገራል። ዉዮንግ ግን ሌላ ሰው በብልጠት እንዳይወስድበት ሰግቶ፣ ሥዕሉ ሳያልቅ ስሙን አስጻፈበት።

ያ ዝግታ በየመስመሩ ይታያል። ተራሮቹ የተሠሩት ከቀደምቱ ሠዓሊ ከዶንግ ዩዋን በተወረሰ ስልት፣ እንደ ተበተነ ቃጫ በረዘሙ ልል ጭረቶች ነው። ሁዋንግ መጀመሪያ ኮረብታውን በፈዘዘ ቀለም አኑሮ፣ ቆይቶ ደግሞ በደረቀና በጠቆረ ብሩሽ ተመልሶበታል። የኋለኛው ጭረት የፊተኛውን አይሸፍነውም፤ ስለዚህ ሠዓሊው የት እንዳመነታ፣ የት እንደጨከነ ይታያል። ወንዙ ደግሞ ብሩሽ ያልነካው ወረቀት ነው። ለዳኦ ተከታይ ባዶነት ጉድለት ሳይሆን ነገር ሁሉ የሚፈልቅበት ቦታ ነውና፣ ዓይን እዚያ ሲደርስ ያርፋል እንጂ አይጎድልበትም።

የማይዋጥልኝ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነገር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ምልክት ያህል ብቻ ናቸው። ዘመኑ የጎርፍ፣ የረሃብና የዐመፅ ዋዜማ ነበር፤ እስር ቤት ያየ ሰው በሣለው ወንዝ ዳር ግን የዚያ ጥላ የለም። ሽሽት ነው የሚለውን ሰው በቀላሉ አልረታውም። ያም ሆኖ ለዚያ ዘመን ምሁር ከሹመት ርቆ ተራራ መግባት ራሱ አቋም ነበር፤ የጭረቶቹ እርጋታም ከተድላ የመጣ አይመስለኝም።

ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ አንዱን ግልባጭ ዋናው ነው ብሎ ከ50 በላይ ጽሑፎች ደረደረበት፤ በ1746 እጁ የገባውን እውነተኛውን ግን ሐሰተኛ አሰኘው። ስሕተቱ ለሥዕሉ በጀው። ባዶው ሰማይ ከንጉሡ ብሩሽ ተረፈ።

ዛሬ 51.4 ሳንቲ ሜትሩ ቁራጭ ሃንግዡ በሚገኘው የዠጂያንግ ሙዚየም፣ ከ6 ሜትር የሚያልፈው ዋናው ክፍል ደግሞ ታይፔይ ነው። በ2011 ታይፔይ ላይ ጎን ለጎን ታይተዋል። ነገር ግን ጥቅል ሥዕል የተሠራው በመስታወት ሥር ሙሉ ተዘርግቶ በአንድ እይታ እንዲዋጥ አይደለም። በኅትመት የሚያየው ሰው የተሻለ ዕድል አለው፤ ከቀኝ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ይግለጥ፣ የቀረውን ይሸፍን፣ ሲጠግብ ወደ ግራ ይለፍ።