ዛፍን መግራት፦ ቦንሳይና የጌዴኦ ጥምር የደን እርሻ

መግቢያ

በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው ተዳፋታማ የጌዴኦ ምድር የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣሉ። አፈሩ በዚያ ተዳፋት ላይ ሳይታጠብ እንዴት ቆየ? ይህን ያህል ሕዝብስ እንዴት መገበ? ቡናውስ ጣዕሙን ከምን አገኘ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። አራተኛው ጥያቄ ግን በቅጡ አልተነሣም፤ ይኸውም በዚህ ምድር ዛፍን በእጅ የመቅረጽ ኪነ ጥበብ አለ ወይ የሚለው ነው። የዚህ ዳሰሳ መልስ አለ የሚል ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረጠው ዛፍን በሳህን ላይ በትንሹ የማሳደግ ጥበብ፣ ቦንሳይ ነው፤ ምክንያቱም ዛፍ መግራትን በግልጽ ኪነ ጥበብ ብሎ የሰየመ፣ መመዘኛ ያወጣለትና ሙዚየም የሠራለት ባህል እርሱ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ በዚያው ዕውቀት ሳህን ላይ ከሚቀመጥ ዛፍ ይልቅ ተራራ ሙሉ ደን ሠርቷል።

ቦንሳይ ምን ይመዝናል?

ቦንሳይን ብዙ ሰው የሚያውቀው በትንሽነቱ ነው። ዛፉ ግን በተፈጥሮው ድንክ አይደለም። ከሳህኑ ወጥቶ መሬት ላይ ቢተከል እንደ ማንኛውም የዘሩ ዛፍ ያድጋል። ትንሽ ሆኖ የሚቆየው ሥሩ በየጊዜው ስለሚከረከም፣ ቡቃያው በወቅቱ ስለሚቀነጠብና ቅርንጫፉ በሽቦ እየተያዘ አቅጣጫ ስለሚሰጠው ነው። ይህ ሁሉ ዛፉን ማስራብ አይደለም፤ የተራበ ዛፍ ይሞታል እንጂ አያምርም። ውሃውን፣ ማዳበሪያውንና ብርሃኑን በልክ ካላገኘ መቆረጡን አይችለውም።

ጥበቡ የተነሣው ከቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራ የአንድ የታንግ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ዛፎችና ድንጋዮች ያሉበትን ሳህን የያዙ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ጃፓኖች ከቻይና ተቀብለው የራሳቸውን መልክ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮንና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ አሳዳጊዎች ከከተማዋ ወጥተው በ1925 ኦሚያ ላይ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ፤ በ2010 ደግሞ በዚያው የቦንሳይ ሙዚየም ተከፈተ።

አንድ የሠለጠነ ተመልካች ቦንሳይ ሲያይ ዓይኑ ከታች ይጀምራል። ሥሩ መሬቱን እንዴት ጨብጧል? ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዷል? ቅርንጫፉ ከግንዱ ዕድሜ ጋር ይስማማል? የተቆረጠው ቁስል ተፈውሷል? ከሁሉ በላይ የሚመዘነው ዕድሜ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የያማኪ ቤተሰብ ጥድ ነው። በቦንሳይነት መገራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ሲሆን፣ ነሐሴ 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ላይ የወደቀውን የአቶሚክ ቦምብ ተርፎ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ፤ ዛሬ በዋሽንግተን ይገኛል። ከቦምቡ የተረፈ መሆኑ በሰፊው የታወቀው በ2001 የቤተሰቡ ልጆች ሊያዩት በሄዱ ጊዜ ነው። ዛፉን ታላቅ ያደረገው ትንሽነቱ አይደለም፤ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ አንዱ ትውልድ ለሌላው እያስረከበው በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አለማጣቱ ነው። እንግዲህ የቦንሳይ እውነተኛ መመዘኛ በርስት የሚተላለፍ እንክብካቤ ነው ማለት ይቻላል።

የጌዴኦ እጅ

በዚህ መመዘኛ ወደ ጌዴኦ እንመለስ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመዝገቡ አስፍሯል። ትልልቅ ዛፎች ለእንሰት ጥላ ይሆናሉ፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናና ሌላው ቁጥቋጦ ይበቅላል። በተራራው መካከል ቅዱሳን ደኖች፣ በየኮረብታው ጫፍ ደግሞ እንደ ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ ያሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች አሉ። ይህ ሁሉ የሚገኘው ሰው በማይኖርበት ጥብቅ ሥፍራ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ 847,434 ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። በዚህ ጥግግት መካከል የቆመ ዛፍ ሁሉ ሰው አይቶት፣ አስቦበት፣ ይቁም ብሎ የፈረደለት ዛፍ ነው።

ፍርዱ የሚጀምረው ከችግኙ ነው። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳና ወፍና ነፋስ በበተነው ዘር ራሳቸው ይበቅላሉ፤ ገበሬው ሲያርም የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚነቀል ይመርጣል። ኮርች ከቁራጭ ግንዱ ይተከላል፤ እርሱና ብርብራ ከአየር የሚይዙት ናይትሮጅን አፈሩን ያለማል። ዛፉ ከፍ ሲል የታችኞቹ ቅርንጫፎች ይመለመላሉ፤ አናቱ ሲከብድ ይሳሳል፤ ብርሃን በሚፈለገው መጠን ወደ ቡናው ይወርዳል። ዛፉ ሲደርስና ለጣውላ ሲፈለግ መጀመሪያ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ግንዱ የሚወድቀው ከሥሩ ያለውን ቡናና እንሰት በማይሰብርበት አቅጣጫ ነው።

የቡናው አያያዝ የበለጠ ረቂቅ ነው። ቡና ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ጎን ይዘረጋል። ፍሬ የሚይዘው የጎኑ ነው፤ ከእርሱ የተወሰደ ቁራጭ ቢተከል ግን ወደ ጎን መዘርጋቱን አይተውም፣ ቀጥ ያለ ግንድ አይሆንም። ስለዚህ ያረጀ ቡና በጉንደላ ሲታደስ ተስፋው ሁሉ ከጉቶው በሚወጣው ቀጥ ያለ ቡቃያ ላይ ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር በሰያፍ ይቆረጣል። ከሚወጡት ቡቃያዎች ጠንካሮቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይለቀማሉ። ገበሬው ለጊዜው ምርት ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን አሮጌው ሥር ወጣት ዛፍ ይሸከማል። በእንሰትም ዘንድ መርሁ ያው ነው፤ የእናቲቱ እምብርት ወጥቶ ሥሯ ሲቀበር በዙሪያዋ ብዙ ልጆች ይፈላሉ።

የእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ሳይንሳዊ መሠረት አንድ ነው። የጫፍ ቡቃያ በሚልከው ሆርሞን የጎን ቡቃያዎችን ያዘገያል፤ ጫፉ ሲቆረጥ የተኙት ይነቃሉ። ሆላንዳዊው የደን ሊቅ ኦልደማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዱት የተጎዳ ዛፍ የራሱን የተፈጥሮ ቅርጽ ከጉዳቱ ላይ እንደገና ይደግማል። የቦንሳይ አሳዳጊውም የይርጋጨፌው ቡና አምራችም የሚሠሩት ይህን የዛፍ ጠባይ አውቀው ነው። የዚህን አያያዝ ዕድሜ በተመለከተ ታደሰ ክጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በጌዴኦ መሬት አጠቃቀም ላይ ባቀረቡት ጥናት አምስት ሺህ ዓመት የሚል ዘመንና የጥያቄ ምልክት በርዕሱ ላይ አኑረዋል። የጥያቄ ምልክቱ ተገቢ ነው፤ የዚህ ደን ዕድሜ የሚወሰነው ወደፊት በሚይዘው እጅ ጭምር ነውና።

መገናኛና መለያያ

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ገበሬው ቅርንጫፍ የሚመለምለው ለቡናው ብሎ እንጂ ለውበት አይደለም፤ ታዲያ ኪነ ጥበብ ማለት ማጋነን አይሆንም? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቦንሳይም ውበትና ጥቅም አይነጣጠሉም፤ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ የተከፈተ አናት ለዛፉ ጤና የሚያስፈልግ፣ ለዓይንም የሚያምር ነው። ሁለተኛ፣ ጌዴኦ ዛፍን ከጥቅም በላይ የሚያይበት ሥርዓት አለው። ለአምልኮ የተጠበቁት ደኖች፣ ሽማግሌዎች የሚንከባከቧቸው ትክል ድንጋዮች፣ በአባ ገዳው ፊት ምስጋና የሚቀርብበት የደራሮ በዓል፣ ሁሉም ስለ ምድሪቱ ያለውን አክብሮት ያሳያሉ። ሳይቆረጥ እንዲያረጅ የተወሰነለት ዛፍ ለዕይታና ለክብር የቆመ ዛፍ ነው።

ልዩነቱም መደበቅ የለበትም። ቦንሳይ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ዛፍ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ብቻውን ያከብራል። የጌዴኦ ዛፍ ግን ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ዋንዛው የሚመዘነው ከሥሩ ባለው እንሰት፣ እንሰቱም በቡናው ነው። ቦንሳይ ዝርዝር ማየትን ያስተምራል፤ ጌዴኦ ግንኙነትን ማየት ያስተምራል። በእኔ ግምገማ ሁለተኛው የበለጠ አስቸጋሪ ዕውቀት ነው፤ በአንድ ቁርጥ የብዙ ፍጥረታት ኑሮ ይለወጣልና።

በዲላ ቦንሳይ ቢጀመር

ቦንሳይ በጌዴኦ ዞን ከተማ በዲላ ቢስፋፋ ጃፓንን መቅዳት አያስፈልገውም። ለዚህ የደቡብ አፍሪካ ልምድ ይጠቅመናል። ቻርለስ ሴሮኒዮ የተባሉት አሳዳጊ የአፍሪካ ዛፎች በሜዳቸው የሚይዙትን መልክ መርምረው፣ ጃንጥላ የመሰለውን የግራር አናት በሠዓሊው ፒርኔፍ ስም የሚጠራ የቦንሳይ ቅርጽ አድርገውታል። ያ ግራር በስምጥ ሸለቆአችንም የቆመ ነው።

ለጀማሪ የሚስማማው የሾላና የዋርካ ወገን ነው፤ በቁራጭ ይጸድቃል፣ ሥሩ ቶሎ ይወፍራል፣ መቆረጥን ይችላል። ወይራ ቅጠሉ ትንሽ፣ እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ሥራ ይመረጣል። ዋንዛ ግን ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ከትንሽ ግንድ ጋር አይመጣጠንም። እንሰትም ዛፍ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። በዚህ ሥራ አንድ ሕግ ሊጣስ አይገባም፦ ከቅዱስ ደን ወይም ከትክል ድንጋዮቹ ዙሪያ ምንም ዛፍ አይነቀልም። ከዘርና ከቁራጭ መጀመር ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ ጥበቡ ራሱ ትዕግሥት ነው።

ማጠቃለያ

ዛሬ የጌዴኦ ደን ጫና ላይ ነው። መሬቱ በውርስ እየተቆራረሰ ይሄዳል፤ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጡት ጫትና ባሕር ዛፍ የብዙ ዓይነት ተክሎችን ቦታ ይወስዳሉ። በአገር ደረጃም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ የሚተከለው ችግኝ በየዓመቱ ይቆጠራል፤ ችግኙ ከተተከለ በኋላ የሚመለምለውና የሚጠብቀው እጅ ግን አይቆጠርም። ቦንሳይም ጌዴኦም የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው፤ ዛፍ የሚሠራው በሚተከልበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

ስለዚህ የጌዴኦ ዛፍ አያያዝ ከግብርናና ከቅርስ ጥናት ጎን በኪነ ጥበብ ሒስም ሊመዘን ይገባዋል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምልመላና ጉንደላ የሚያውቁትን አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ይጠይቁ፤ ቁርጡን ከነምክንያቱ በሥዕልና በፊልም ያስቀሩ። የሥነ ጥበብ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ወናጎና ወደ ቡሌ ተዳፋት ይውሰዱ፤ አንድን ዛፍ ከሥሩ እስከ አናቱ ማንበብ ያስተምሯቸው። በረንዳው ላይ ሾላ በሳህን የሚያሳድግ ወጣት ካለም፣ ቡና ጎንዳይ አያቱ በጓሯቸው የሚሠሩትን ሄዶ ይይ፤ ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ በፊት መማር ያለበት ከእርሳቸው ነው።