«ቅንብር» የተሸከመው ጭነት፤ ስለ ምት መሥሪያ መተግበሪያዎች ሙያዊ ቃላት

በኦሎምፒያ፣ ከቦሌ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጠን የሁለት ወጣት ባለሙያዎችን ንግግር ስንጽፍ ውለን ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከበሮ የለም፤ ክራርም ማሲንቆም የለም። ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ አጭር ኪቦርድ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያና አንድ የእጅ ስልክ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ክፍል ይወጣ የነበረው የሠርግ ዘፈን ምት እስክስታ የሚያስወርድ ነበር። የሄድንበት ጉዳይ ቃላት ለመልቀም ነው። ይዘነው የሄድነው የስያሜ ዝርዝር ግን፣ ሳንሸሽግ ለመናገር፣ ከግማሽ በላይ ተሰርዞ ተመለሰ።

በዝርዝሩ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው የሲንተሳይዘር ስያሜ ነበር። እኛ «ድምፅ አዋሃጅ» ብለነው ነበር። በሳይንሱ ዘርፍ «ማዋሃድ» የተለመደ ስለሆነ መንገዱ የቀና መስሎን ነበር። ከወጣቶቹ አንዱ ቃሉን ሰምቶ «ጋሼ፣ ኬሚካል ነው እንዴ የምንሠራው?» አለን። ሁለተኛው አማራጫችን «አቀናባሪ» ሲሆን፣ ይህኛው ሳያስቃቸው ቀረ፤ ይልቁንም አስቆጣቸው። ቁጣቸው ተገቢ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብንም።

በሀገራችን የካሴትና የሲዲ ሽፋኖች ላይ ለረጅም ጊዜ ሦስት ሙያዎች ተለይተው ሲጻፉ ኖረዋል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። «አቀናባሪ» ማለት ዜማውን ተቀብሎ ለሳክስፎኑ፣ ለጊታሩ፣ ለከበሮው ድርሻ ድርሻቸውን የሚያከፋፍል ሰው ነው። ይህን የሰው ስም ለዕቃ መስጠት ሙያተኛውን ከመሣሪያው ጋር ማምታታት ይሆናል። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። ባንዱ ሲበተንና ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሲገባ፣ «ቅንብር» የሚለው ቃል ማከፋፈሉን ብቻ ሳይሆን ምቱን መሥራቱን፣ ድምፁን ማበጀቱን፣ አንዳንዴም መቅረጹን ጭምር እንዲሸከም ተደርጓል። ቀድሞ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ባወጣው «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘ ካሴት ላይ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መኪና ጋር አስማምቶ ተጫውቷል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ብዙ የውጭ አድማጭ አግኝቷል። በዚያ ካሴት ላይ ኃይሉ ተጫዋች ነው፣ አቀናባሪ ነው ወይስ ምት ሠሪ? ሁሉንም ነው። ለሦስተኛው ግን ሽፋኖቻችን ስም አልነበራቸውም፤ ዛሬም የላቸውም።

ሲንተሳይዘርን በተመለከተ ያለን አስተያየት አጭር ነው። ፒያኖ፣ አኮርዲዮን፣ ክላርኔት እንደተባለ ሁሉ «ሲንተሳይዘር» ይባል። የውሰት ስም ለዕቃ ነውር የለውም። ነውሩ ለሥራው ግሥ ማጣት ነው።

«ቢት» የሚለውን ቃል እንመልከት። በዚያች ክፍል ውስጥ በግማሽ ቀን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። አንድ ጊዜ የከበሮን አንዲት ምት፣ ሌላ ጊዜ እየተመላለሰ የሚሄደውን የምቶች ሥርዓት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለዘፋኝ የሚሸጠውን ድምፃዊ የሌለበት ሙሉ ሙዚቃ ያመለክታል። ባለሙያዎቹ ከአገባቡ ስለሚለዩት አይቸገሩም፤ ውል የሚጽፍ ሰው ግን ይቸገራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ምት»፣ ለሁለተኛው «ስልተ ምት» ቢባል አማርኛው ያለ ጭንቅ ይቀበለዋል። ለሦስተኛው «ቢት» እንዳለ ይቆይ፤ በገበያ የዋለ ቃል ነውና። የሠሪው ስም «ምት ሠሪ» ቢሆን ቀላልና ግልጽ ነው።

እነዚህ መተግበሪያዎች የራሳቸው የሆነ አስተሳሰብ ይዘው እንደሚመጡም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሲከፈቱ በአንድ ረድፍ 16 ባዶ ሳጥኖች ያሳያሉ። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1980 እንደወጣው ሮላንድ 808 ካሉ የከበሮ መኪናዎች የተወረሰ ነው። 16 ለአራት እንጂ ለሦስት እኩል አይከፈልም። የእኛ ችክችካ ደግሞ ቆጠራው ስድስት ነው። የኦሎምፒያው ወጣት ሥራ ሲጀምር በቅድሚያ የሚያደርገው ረድፉን ወደ 12 መቀነስ ነው፤ ይህንንም «ሐበሻ ማድረግ» ይለዋል። ቃሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዲገባ አንሟገትም፤ ከብዙ የመማሪያ ገጽ በላይ ግን ነገሩን ያስረዳል።

በዚህ ረገድ አንዳንድ ወዳጆቻችን ከማኅሌት ሥርዓት ቃላት እንድንወስድ መክረውናል። ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፣ ወረብ፤ በእርግጥ የመቋሚያን፣ የከበሮንና የጭብጨባን አካሄድ በየደረጃው የሚለዩ ሀብታም ስያሜዎች ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ በአገልግሎቱ ውስጥ የተወሰነ ቦታና ሥርዓት አለው። «መረግድ»ን ከዚያ አውጥቶ ለስልክ ቁልፍ መስጠት ለባለቤቶቹም ለተቀባዮቹም አይበጅም። አልተስማማንም።

በአንጻሩ «ቅኝት» በእጃችን ሳለ «ስኬል» የሚባልበት ምክንያት አልታየንም። ክራር ገራፊው አውታሩን ሲያጠብቅም ሲያላላም «ይቃኛል»፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ደግሞ «ቅኝቶች» ይባላሉ። አንዱ ቃል ማስተካከሉንም ውጤቱንም ይዟል። መተግበሪያው ድምፅን በ12 እኩል እርከን ስለሚከፍል፣ ማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ የሚያገኛትን የአንቺ ሆዬን ጠባብ እርምጃ በትክክል አይሰጥም። ወጣቱ ይህን ሲያርም «ቃኘሁት» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልፈለገም።

ከሁሉ ያስደሰተን ስለ ድምፅ ጠባይ የሰማነው ነው። የውጭው መተግበሪያ በቁጥርና በሥዕል የሚያሳየውን እነሱ «ጎርናና»፣ «ሰላላ»፣ «ሻካራ»፣ «ስርቅርቅ» እያሉ ያበጁታል። ስለ ሰው ድምፅ ሲነገሩ የኖሩ ቅጽሎች ሳይጠሩ መጥተው ሥራ ይዘዋል። በዚሁ መንገድ ድምፅ ከተነካበት ቅጽበት እስከሚጠፋበት ድረስ ላሉት አራት ደረጃዎች መነሣት፣ መርገብ፣ መጽናት፣ መክሰም ብንል የሚከብድ አይመስለንም። ክራር ፈጥኖ ይነሣል፤ አይጸናም። ማሲንቆ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ደጋኑ እስካለ ይጸናል። ይህን ያወቀ ሰው ሲንተሳይዘሩን ክራር ወይም ማሲንቆ ለማስመሰል የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ ያውቃል። ለሥራው በጠቅላላ ግን «ድምፅ መቅረፅ» እንዳንል ቃሉ በቴፕ መቅዳት ለሚባለው ተይዟል፤ «ድምፅ ማበጀት» የተሻለ ነው፤ ሠሪውም «ድምፅ አበጂ»።

«ሳምፕል» ለሚባለው «ናሙና» ማለት የተለመደ ቢሆንም እንቃወማለን። ናሙና ሙሉውን የሚወክል ነው፤ የእህል ናሙና እንደሚባለው። እዚህ ግን ከሌላ ሰው ሙዚቃ ተቆርጦ የተወሰደ ነው፤ «ቅንጣቢ» ይሁን። ቅንጣቢ የተባለ ነገር ከማን ተቀነጠበ የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለበት ሀገር ይህ ጥያቄ መነሣት አለበት።

ስያሜ ከሽፋን ወደ ኪስ እንደሚሄድ የሚያውቁ ሙዚቀኞች ነበሩን። በቅንብር ሥራው የታወቀው ኤልያስ መልካ ከባልደረቦቹ ጋር በ2011 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ «አውታር» ተባለ። ከበገናና ከክራር የተወሰደ፣ አጭር፣ ማንም የሚጠራው ስም ነው። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ማለታቸውም ግማሹ ውሰት ቢሆን አያስከፋም፤ ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን አልበሙን «ነጸብራቅ» ሲል ደግሞ ቃሉን ከመጽሐፍ ወደ ወጣቱ አፍ አውርዶታል። የሚጎድለው የአልበም ርእስ አይደለም። ከግጥም፣ ከዜማና ከቅንብር ቀጥሎ «ስልተ ምት» እና «ድምፅ ማበጀት» የሚሉ ሁለት መስመሮች ናቸው። ከሁለቱ የኦሎምፒያ ወጣቶች ታናሹ ምቱን የሠራባቸው ዘፈኖች በታክሲ ውስጥ ሲዘፈኑ ይሰማል፤ ስሙ ግን በአንዳቸውም ላይ አልተጻፈም። ሲጠየቅ «ቅንብሩ የእሱ ነው» ብሎ ታላቁን አመለከተን።

ከመውጣታችን በፊት ስለ 16ቱ ባዶ ሳጥኖች ጠየቅን። በእንግሊዝኛው «ስቴፕ» ይባላሉና «እርምጃ» ልንል አስበን ነበር። ታናሹ ግን «ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ኪክ ጣልበት» ሲል ሰማነው። ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ፣ ከአያቱ ጋር ገበጣ ሲጫወት እንዳደገና ረድፉ ያንን እንደሚመስለው ነገረን። በሌሎች ስቱዲዮዎችም ይባል እንደሆነ እስክናጣራ ድረስ «ጉድጓድ»ን በካርድ ላይ ጽፈን ከ«እርምጃ» ፊት አስቀምጠነዋል።