ሥራ ፈት ትራክን ስለ መዝጋት

ድምፅ በቴፕ ይቀረጽ በነበረበት ዘመን፣ ምንም ያልተቀዳበት ትራክ እንኳ ሽሽ የሚል የራሱ ድምፅ ነበረውና፣ በሚክሲንግ ጊዜ ሥራ የፈታውን ሁሉ መዝጋት ለባለሙያው እንደ ሥርዐት የጸና ልማድ ነበር፤ በዲጂታሉ መቅረጫ ላይ ግን ከቶ ያልተቀረጸበት ትራክ ከዜሮ በቀር የያዘው ስለሌለ፣ እርሱን ሚውት ማድረግ ለጆሮ የሚያተርፈው የለም። ምርመራ የሚያሻው ማይክራፎኑ ተከፍቶ ሳለ ባለድምፁ በአርምሞ የቆየበት ትራክ ነው። በዚያ ላይ የክፍሉ አየር፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ የማጉያው ሽሽ ባይ ድምፅ ተቀርጿል፤ ይህ ድምፃቸው እኩል የሆነ ሁለት ትራኮች ሲደመሩ ከአንዱ በ3 ዴሲቤል፣ ስምንት ሲሆኑም በ9 ዴሲቤል ይበልጣሉና፣ ለየብቻው ሲሰማ ከቁጥር የማይገባው ሁሉ ተባብሮ የዜማውን ጸጥታ ያደፈርሳል።

ፌደሩን እስከ ታች ማውረድ ይበቃል የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ አይበቃም፤ ወደ ሪቨርቡ የሚሄደው ድምፅ ከፌደሩ በፊት የሚቀዳ ከሆነ፣ ዘማሪው ከጠፋ በኋላ ማሚቶው ብቻውን ሲመላለስ ይሰማል።

ይህን ሁሉ ብልም፣ የዐቢይ ጾም ወራት ሲቃረብ በብዛት በምንቀርጸው በበገና ላይ እጄ ወደ ሚውቱ ቁልፍ አይቸኩልም። ደርዳሪው ራሱ ዘማሪ ነውና ሁለት ማይክራፎን እናቆማለን፤ አንዱን ከአፉ ፊት፣ ሁለተኛውንም ዐሥሩ አውታሮች ካረፉበት ከበርኩማው አጠገብ፣ የእንዚራው ቁራጭ ቆዳ አውታሩን እየነካ ያንን የሚነዝር ግርማ ከሚሰጥበት ስፍራ። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ዘማሪው አፉን ሲያሳርፍ የድምፁ ትራክ ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ማይኩ ግን በገናውን እየሰማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የአፉ ማይክ ከሌላው ይልቅ ከበርኩማው በ1 ሜትር ቢርቅ፣ በገናው ወደ 3 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርስበታል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉም በ170 ኸርዝ አካባቢ ያለው የድምፁ ክፍል ይሳሳል። እንግዲህ በየዕረፍቱ ያንን ትራክ ብንዘጋው፣ በገናው በድንገት ወፍሮና ደርቆ፣ ዜማው ሲመለስ ደግሞ ሳስቶና አየር አግኝቶ ይሰማል፤ ሰሚውም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ደርዳሪው በየአንቀጹ መቀመጫውን የሚለዋውጥ ይመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ትራክ ክፍት እተወዋለሁ፤ ሳል ካለበት ያችን ቅጽበት ብቻ በጥቂት ዴሲቤል ዝቅ አደርጋለሁ።

ያለ ርኅራኄ የምዘጋቸው ሌሎች ናቸው፤ ለመለማመጃ የተቀዳው ድምፅ፣ የሜትሮኖሙ ምት፣ ያልተመረጡት ቅጂዎች። የመጨረሻውን ሚክስ ከማውጣቴ በፊትም፣ የተረሳ ሶሎ ወይም ሳይታሰብ የተዘጋ የተቀባዮች ድምፅ እንዳይኖር የሶሎና የሚውት ቁልፎቹን መብራቶች ረድፍ በወረቀት ከያዝኩት ዝርዝር ጋር አመሳክራለሁ። የተዘጋውን ግን አልሰርዝም፤ በ24 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ አንድ ትራክ በደቂቃ ከ8 ሜጋባይት ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ባለጉዳዩም ዛሬ የናቀውን ቅጂ ነገ መልሶ መጠየቁ አይቀርም።