የሂትክሊፍ በቀል

ኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የተሰኘውን ልቦለዷን እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችው ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በዮርክሸር ነፋሻማ ኮረብታ ላይ ነው። ሂትክሊፍ ካትሪንን እንደ ነፍሱ ይወዳል፤ ወንድሟ ሂንድሊ ግን ከቤት ልጅነት አውርዶ ሎሌ ያደርገዋል። እንደዚህ በብልሃት የተሠራ በቀል አላነበብኩም። ሂትክሊፍ ሂንድሊን በቁማር አራቁቶ ቤቱን ይወርሳል። የሂንድሊን ልጅ ሄርተንን ግን በዱላ አይጎዳውም፤ ፊደል ሳያስቆጥር ያሳድገዋል እንጂ። ምስኪኑ ልጅ በገዛ አባቶቹ በር ላይ የተቀረጸውን ስም፣ ያውም የራሱን ስም፣ ማንበብ ያቅተዋል! በመጨረሻ ሁሉም በእጁ ሲገባ፣ ሂትክሊፍ የቀረውን ለማጥፋት ክንዱን ማንሳት ይታክተዋል። ይቅርታ ግን አይጠይቅም፤ ደራሲዋም አታስገድደውም። ይህን ድፍረቷን እወድላታለሁ። ኤሚሊ በ1848 በ30 ዓመቷ አረፈች፤ ሌላ ልቦለድ አላሳተመችም።