«እንደተለመደው»

እኔ የምለው... ፀጉር ቤት ስንገባ ምላሳችንን የሚይዘን ምንድን ነው? ገበያ ወርደን በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት የምንከራከር ሰዎች፣ ጨርቁ አንገታችን ላይ ሲታሰር በግ እንሆናለን!

በቀደም ደንበኛዬ አገር ቤት ሄዶ ኖሮ፣ ገብቼበት የማላውቅ ፀጉር ቤት ገባሁ።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ይሁን?» አለኝ ልጁ።

«እንደተለመደው!»

ይታያችሁ፤ አይቶኝ ለማያውቅ ሰው! እሱም «የተለመደው እንዴት ነው?» አላለም። «ገባኝ» ብሎ ቶንዶሱን አስነሳ። ነገሩ ሲከነክነኝ «ትንሽ ይጠር» ብዬ ጨመርኩ። ይባስ አበላሸሁት! ለእኔ «ትንሽ» ማለት ከራሴ ላይ የሚወርደው ነው። ለእሱ ደግሞ የሚቀረው ኖሯል።

መግባቢያ አጥተን እንዳይባል፣ ቶንዶሱ ላይ የሚገጠሙት ማበጠሪያ መሳይ ነገሮች ቁጥር አላቸው። ቁጥር 1 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 ወደ 6፣ ቁጥር 4 ደግሞ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ፀጉር ያስቀራሉ። «ጎኑን በ2፣ ላዩን በ4» ቢባል አለቀ! ድሮስ ቢሆን «ቁንጮ»፣ «ጋሜ» ሲባል የቱ ተላጭቶ የቱ እንደሚቀር ላጪው ያውቅ የለ?

ሲጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላዬ ይዞ «እንዴት ነው?» አለኝ። የታጨደ ማሳ መስያለሁ። «አሪፍ ነው፤ እጅህ ይባረክ!» ብዬ፣ ጉርሻም ጨምሬ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ አንዲት እናት ራሴን አይተው «ውይ ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ።

ይሄስ ይሳቅበት፤ ፀጉር ይበቅላል። የማይሳቅበት ሌላው ዝምታዬ ነው። ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ አንገቱ ላይ ተጭሮ ደም ብጤ ወጥቶት ነበር። ልጁ ቶንዶሱን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። አይቻለሁ። «በደንብ አጽዳው እንጂ» ልል አፌ ላይ ደርሶ፣ «ቅር ይለዋል፣ ወረፋ የያዙትም ይሰሙኛል» ብዬ ዋጥኩት። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እኮ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል! ለልጁ ፊት አዝኜ ለራሴ ጉበት ሳላዝን መቅረቴን ምን ትሉታላችሁ? ይሉኝታ ነው? ይሄማ ሞኝነት ነው!

ባለሙያዎቻችንም ብትሆኑ «ገባኝ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁን። ማጽዳቱን ደግሞ ሳንጠይቃችሁ፣ እያየን አድርጉት።

ፀጉሬ ሲያድግ እዚያው ቤት ተመልሼ ገባሁ። ልቤ እየመታ «ልጄ፣ መጀመሪያ ቶንዶሱን በደንብ አጽዳልኝ» አልኩት።

«እሺ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው!» ብሎ ማጽዳት ጀመረ። ወረፋ ከያዙት አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።

«እንደተለመደው ይሁን?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩት።